ቤቱን የሚያይ ጠፋ

ቤት የሚሸጠው ባለቤቱ ነው ሲባል ነበር የማውቀው። የእኛን ቤት የሚሸጡት ግን ልጆቻችን ናቸው፤ እኔና እናታቸው ከቤቱ ጋር ለዕይታ ቀርበናል። ገዢ ይመጣል በተባለ ቁጥር «አባዬ፣ ያንን ጋቢ አውልቅና ኮት ልበስ፣ የቸገረን እንዳይመስላቸው» ይባላል። ኮቱን ስለብስ ደግሞ «ኧረ አባዬ፣ እንዲህ ዘንጠህ ካዩህማ ዋጋ የምትቀንስ አይመስላቸውም» ይመጣል። በሰማንያ ዓመቴ ምን እንደምለብስ ደላላ ላማክር?

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አስፋልቱ ያልቅና ኮብልስቶኑ ይጀምራል፤ ኮብልስቶኑም ያልቅና ዳገቱ ብቻውን ይቀራል፤ እኛ እዚያ ነን። ከበላያችን እንጦጦ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ በደጃችን አልፎ ነው ከተማ የሚወርደው። መሬቱን በ1962 ዓ.ም. ከአንድ ባለርስት ላይ አስለክቼ፣ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሬ ገዛሁት። ያኔ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ በኋላም እዚያው መዝገብ ስከፍትና ስዘጋ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ አንቀጽ ብጠቅስ አትታዘቡኝ። ሌላውን ሰው በርበሬ እንደሚያስነጥሰው እኔን ንዴት አንቀጽ ያስነጥሰኛል።

የምንሸጠው አዲስ ኑሮ አምሮን አይደለም። መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው። ከመኝታ ቤት ተነስቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ የጓሮውን በር ከፍቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ መሄድ ነው። በወጣትነታችን መንገዱ አጭር ነበር። አሁን በሐምሌ ሌሊት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ባትሪ በአንድ እጅ፣ ከዘራ በአንድ እጅ ይዤ ጃንጥላውን በምን እንደምይዘው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ባለፈው ክረምት ባለቤቴን አዳለጣትና ወደቀች። ተመስገን ነው፣ አጥንቷ አልተነካም፤ ወሬው ግን እሷ ከወደቀችበት ሳትነሳ አሜሪካ ደረሰ። በማግስቱ ልጆቹ በስልክ ስብሰባ ተቀምጠው «ቤቱ ይሸጥ» አሉ። እኛ መጥሪያ እንኳ አልደረሰንም። በሌለንበት ተፈረደብን።

ትልቁ ልጅ እዚሁ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራል። መካከለኛዋ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ትንሹ ስዊድን ነው፤ እሱ ሐሳብ አይሰጥም፣ በቴሌግራም አውራ ጣት ይልካል። እህቱ «ቤቱ መጀመሪያ ይታደስ» ስትል አውራ ጣት፣ ወንድሙ «ባለበት ይሸጥ» ሲል አውራ ጣት። እኔ «እባካችሁ ተዉን» ብዬ ስጽፍም አውራ ጣት ልኮልኛል።

«ዳገቱ ከብዷችኋል፣ ኮንዶሚኒየም ገዝተን እናስገባችሁ» ያለው ትልቁ ነው። አገኘህልን ወይ ስለው፣ ከእሱ ብሎክ ጎን ሦስተኛ ፎቅ አለ አለኝ። ሊፍት የለውም። ምድር ቤቱስ ስለው፣ ምድር ቤቱ ፀጉር ቤትና ሱቅ ሆኖ ካለቀ ቆይቷል። እንግዲህ ከዳገት አውርዶ ደረጃ ላይ ሊሰቅለን ነው። ዳገት እኮ ደግ ነው፤ መሃል ላይ ድንጋይ ይገኝና ይቀመጡበታል፣ አላፊ አግዳሚው «እንደምን ዋሉ» ይላል። ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚተነፍስ ሽማግሌ ግን «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ይባላል።

መካከለኛዋ ደግሞ በምትኖርበት አገር ቤት ገዝታ ሸጣለች፤ ስለዚህ አዋቂዋ እሷ ናት። እዚያ ቤት ሲሸጥ መርማሪ ይመጣል፤ ጣሪያ ሥር ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ መሠረቱን ዞሮ አይቶ የቤቱን ጉድ በጽሑፍ ያወጣዋል። ሻጩ ወይ ያድሳል፣ ወይ ከዋጋው ይቀንሳል፣ ወይም «ባለበት ሁኔታ ነው የምሸጠው» ብሎ ይገላገላል። ገዢ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ይቀባል፣ ዕቃው ይቀነሳል፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ገዢው በቤቱ ውስጥ ራሱን እንዲያይ ነው አሉ። «የሠርጋችሁን ፎቶ አውርዱት» ብላ ላከች። እናቷ አንብቤላት ስጨርስ ሳታስብ መለሰች፦ «ገዢው ራሱን ማየት ካማረው መስታወት አለልን።»

ሽታም አለበት። እዚያ ምድጃ ውስጥ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ገዢው ሲገባ ቤቱ ቤት ቤት እንዲሸተው። «እናንተ ቡና አፍሉ» ተባልን። ያለ ምክርም እናፈላለን፤ ግን ታዘን አፈላን። ገዢው ተቀመጠ። አቦሉን ጠጣ። በቶናው አገሩን ተጠየቀ። በረካው ላይ ሲደረስ የሚስቱ የክርስትና እናት የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ዋጋ ማን ይጥራ? ዘመድ ተቀምጦ ስለ ብር ማንሳት ነውር ነው። ሰውየው ቤቱን ሳያይ ተመርቆ ወጣ። ለፋሲካ ደውሎልናል።

ቤቱ የጭቃ ነው። ደላላው «ብሎኬት ነው በሉ» ይለኛል፤ ለማን ብዬ? ቋሚው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። መሬት የሚገባውን ጫፉን እሳት ለብልበን፣ ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተን ነው የተከልነው። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ እስኪሸት ቦክቶ፣ እንደገና ተረግጦ የተመረገ ነው፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ከሠራተኞቹ ጋር እኔም ረግጬዋለሁ። ቆርቆሮው የዱሮ ነው። የዛሬውን ቆርቆሮ ባለሱቁ «35 ጌጅ ነው፣ አሪፍ ነው» እያለ ሊሸጥልኝ ነበር፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ሽማግሌ አያውቅም ብሎ። የእኔን ቆርቆሮ በረዶ ሲወርድበት ድምፁን ብትሰሙ ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ይገባችኋል።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ተወጥሮ ኖራ የተቀባ። አይጥ ስትሮጥበት እርምጃዋ ከታች ይቆጠራል፤ ልጆቼ በልጅነታቸው አልጋ ላይ ተጋድመው «አሁን ወደ እማዬ ክፍል ገባች» እያሉ ይከታተሏት ነበር። ጉድለቱን አልክድም። በዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ ርጥበት በልቶት የቋሚዎቹ እግር በስብሷል፤ ቤቱ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሏል። የልጅ ልጆቼ ብይ ሳሎኑ መሃል ሲያስቀምጡ ብዩ ማንም ሳይነካው መኝታ ቤት ይገባል። ለእነሱ ጨዋታ ነው፤ ለባንክ ሠራተኛው አባታቸው «የስትራክቸር ችግር» ነው።

ከአሜሪካ በመጣው ትእዛዝ መሠረት ቀለም ቀቢ ተጠራ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። መፋቂያውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ አንዴ ሳብ ሲያደርገው፣ ቀለሙ ከነቅርፊቱ የጠረጴዛ ስፋት ያህል ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ከሥሩ ጋዜጣ ብቅ አለ። ያኔ ወጉ ነበር፤ ምርጉ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሐምሌ 1961 አዲስ ዘመን ነው፤ ሰዎች ጨረቃ ላይ የወረዱ ጊዜ። ቀቢው መፋቂያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና አንገቱን አዙሮ ያነብ ጀመር፤ ገጹ የተለጠፈው በጎኑ ነው። እኔም መነጽሬን አመጣሁ። እሱ ከላይ ሲያነብ እኔ ከታች እየተቀበልኩ ረፋዱ አለፈ። ከዕለት ሒሳቡ ግን ሳንቲም አልቀነሰም።

«አባባ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይኼን ልፋቀው ካልኩ ግድግዳው አብሮ ይመጣል። ቤቱን የያዘው ጋዜጣው ነው።»

ነገሩ በቪዲዮ ለልጆቹ ታየ። ልጅቱ «ይኼማ ታሪክ ነው፣ እንዳይነካ፣ በመስታወት ይሸፈንና ገዢ ይየው» አለች። ትልቁ «ጂፕሰም ይለጠፍበትና ይለቅ» አለ። የስዊድኑ ምን እንደላከ ታውቃላችሁ።

ቋሚዎቹን ለመለወጥ ደግሞ የእድሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ አሸዋ ደጅ ላይ ማስወረድ ጣጣ ነው። ለፈቃዱ ካርታ ተጠየቅኩ። ካርታውን አንድ ቢሮ ይዤ ስሄድ ልጅየዋ ቀና ብላ አየችኝና «አባት፣ ይኼ እርስዎ አይደሉም» አለችኝ። የአባቴ ስም በካርታው ላይ በብዙኃኑ ኀ ተጽፏል፤ በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ በሃሌታው ሀ። ዕድሜ ልኬን የሰው መዝገብ ሳቃና ኖሬ የራሴን ማን ያቃናው! ስሙ ተጣርቶ ሳያልቅ ደግሞ ግቢው ቀነሰ። በአሮጌው ካርታ 412 ካሬ ሜትር የነበረው በአዲሱ ልኬት 397 ሆኖ ወጣ። አሥራ አምስቱ ካሬ የት ገባ ብል የሚመልስልኝ የለም። ጎረቤቴን እንዳልከስ አጥሩን አብረን ያጠርን ጓደኛዬ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ከሞቱም ቆይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ። ገንዘቡን ቆጥሬ የገዛሁት መሬት በሬዲዮ ሄደ። ደርግ ሄደና በ1987 ሕገ መንግሥት ወጣ፤ እሱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እሺ፤ ሕግ ነው። ስለዚህ እኔ የምሸጠው መሬቱን ሳይሆን በላዩ ላይ ያለውን ቤት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ክፍል የሚመዘገበው ውልም የቤት ሽያጭ ውል ነው።

ታዲያ ገዢ የተባለ ሁሉ በሩን አልፎ ሲገባ ቤቱን ዞር ብሎ አያየውም! አጥር አጥሩን ይዞ፣ እግሩን እየከፈተ፣ እየተራመደ ይለካል። «ካሬዋ ስንት ናት?» ይላል። «ካርታዋ ንጹሕ ናት? እዳ እገዳ የለባትም? ጂ ፕላስ ስንት ታስፈቅዳለች? ኮሪደር ይነካታል?» ይላል። ቤቱን ገብታችሁ አታዩም ወይ ብዬ ስጋብዝ ደላላው ትከሻዬን መታ ያደርገኝና «ኧረ ፋዘር፣ እሱን ተወው፤ እሱማ ይፈርሳል» ይለኛል። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይባል ይፈርሳል። በገንዘቤ የገዛሁትን እንዳልሸጥ ሕግ ከለከለኝ፤ በእግሬ ያቦካሁትን እንድሸጥ ሕግ ፈቀደልኝ፣ የሚገዛው ጠፋ።

ይኼ ሁሉ እየታወቀ ነው እንግዲህ አድሱት የምንባለው። ለማን ነው የማድሰው? ለዶዘሩ? ዶዘር ቀለም ይመርጣል?

ልጅቱ ግን የዋዛ አይደለችም። «አባዬ፣ ይፍረስ አይፍረስ ሌላ ነገር ነው። ገዢው ሲገባ ቤቱ ተንጋዶ ካየ እናንተም የቸገራችሁ ይመስለዋል፤ ዋጋውን ከበሩ ላይ ነው የሚሰብረው» አለችኝ። ይቺ እንኳ እውነት አላት። ሰው የተቸገረ ሲያይ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደድ ይልቅ ጣቱን ወደ ካልኩሌተር ነው የሚሰደው። እሷ ስለዚህ ቀለምና መብራት፣ የአጥሩ በርና የግቢው ጠረግ ጠረግ ይበቃል፤ ቋሚውንና ጣሪያውን አትንኩት ትላለች። ከሁሉም የሚሻለው ምክር የእሷ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን እንዳትነግሯት፣ ሌላ ዝርዝር ትልካለች።

ያናደደኝ ትልቁ ነው። ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ሠንጠረዥ አሳየኝ። በአንዱ መስመር «ቦታ» ብሎ ሚሊዮኖች ደርድሯል። ከሥሩ «ቤት» ብሎ ዜሮ ጽፏል። ዜሮ! እዚህ ቤት ውስጥ ነው የተወለደው፤ አዋላጇ እስክትመጣ ውኃ ያፈላሁት እኔ ነኝ። «አባዬ፣ አትቆጣ፣ ለእድሳት የምታወጣው አንድ ብር አይመለስም፤ ገበያው ካሬ ነው የሚከፍለው» ይለኛል። ገበያውንማ እኔም አይቼዋለሁ፤ እኔ ያልኩትን ነው የደገመው። ግን እኔ ስለው ሌላ፣ እሱ ሲለው ሌላ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ሞቼ ቢጠብቁኝ ይረክስላቸው ነበር። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ወደ ሊዝ ይገባል ይላል፤ በውርስ ሲተላለፍ ግን አይነካውም። ይኼን በቴሌግራም ጽፌ ላክሁላቸው። ልጅቱ አልቅሳ ደወለች፤ ትልቁ «እስቲ አንቀጹ ስንት ነው?» አለኝ። አንቀጽ 6 አልኩት። ትንሹ አውራ ጣቱን ልኮ ነበር፣ ነገሩ ሲገባው አነሳው።

ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነበረኝ፤ አከራይቼው ስለነበር በ1967 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ፣ የቀበሌ ቤት ሆነ። ዛሬ ወግ ባለው አነጋገር ግቢያችን «ቅይጥ ይዞታ» ይባላል። የቀበሌዋ ጎረቤታችን በደርግ ጊዜ ልጅ አዝላ የገባች ናት፤ አሁን የልጅ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውኃ ቆጣሪ በጋራ፣ ጓሮ በጋራ፣ ቡና በተራ። ገዢ ሲያያት ክው ይላል። «እሳቸውስ?» ብሎ ደላላውን በጎን ይጠይቃል። እሷ አትሸጥም። እሷ ደግሞ ባህሪዋ ሆኖ መዋሸት አትችልም፤ ገዢ ሲመጣ ከደጇ ብቅ ትልና ሳትጠየቅ «ጣሪያው ያፈሳል ልጆቼ፤ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው» ትላለች። ከአሜሪካኑ መርማሪ በምን ታንሳለች? ያውም በነፃ።

ዕድሩንስ ማን አሰበው? ትልቁ ልጅ «ሰሚትም ዕድር አለ» አለኝ። አለ፤ መቼ ጠፋ። ግን አዲስ ገቢ የመግቢያ ይከፍላል፣ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። እዚህ ሰፈር የተሸከምኩት ቃሬዛ፣ ድንኳን ሥር ያደርኩት ሌሊት፣ በዝናብ የቆምኩበት ጉድጓድ ወደ ሰሚት ሒሳብ ይዛወራል ወይ? ባንክ ነው የሚሠራው፣ እስቲ ያዛውርልኝ።

ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ቀን በቪዲዮ «እሺ የኔ ልጅ፣ እንዳላችሁት» ትላለች። ማታ መብራት ሲጠፋ «እኔ የትም አልሄድም» ትላለች። በ1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ሕጉ እኔን ሳይሆን እሷን አስቦ የወጣ ነው። አንድ ቀን ደላላው ጥሩ ዋጋ ይዞ መጣ፤ ሁለት በመቶውን አስቦ ፊቱ በርቷል። እሷ ከወጥ ቤት ሳትወጣ «ጌሾውን ጨምሮ ነው?» አለች። የትኛውን ጌሾ አለ። ጓሮ ያለውን ጌሾ፣ ጤና አዳሙን፣ ኮባውን። ነቅላ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልትተክለው ነው። ደላላው ጂ ፕላስ አራት ሲያሰላ የመጣ ሰው ነው፤ በጌሾ ጉዳይ ስልጣን አልነበረውም።

እንዲህ ስንንገላታ ነው አንድ ሰው የመጣው። ገዢ አይደለም፤ አሮጌ ቤት እያፈረሰ እንጨቱን፣ በሩንና ቆርቆሮውን የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምቶ። ይኼ ሰው ግን ሲገባ አጥሩን ቀና ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ! የመቃኑን እንጨት በጣቱ አንጓ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ። «ጥድ ነው» አለ። በጥፍሩ ቀለሙን ትንሽ ፋቀና አሸተተው። የበሩን ማጠፊያ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ይኼንን ማን ሠራው አባቴ?» አለኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይኼን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ወንበር አስመጥቶ ወጣ፣ የአቡጀዲውን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ጣሪያውን አየ። ወራጁን ቆጠረ። ቆርቆሮውን በእጁ ዳሰሰና «ይኼማ ዛሬ አይገኝም» ብሎ ወረደ። ባለቤቴ ሳትጠየቅ ቡና አቀረበች። የበሰበሱትን ቋሚዎች አሳየሁት፤ «ማገዶ ይሆናሉ» አለ፣ አላንቋሸሻቸውም። ለቤቱ ብቻ፣ ለእንጨቱ፣ ለበርና መስኮቱና ለቆርቆሮው ዋጋ ጠራ።

ብዙ አይደለም። ግን ዜሮ አይደለም። ወዲያው ለባንክ ሠራተኛው ደወልኩለት። «ሠንጠረዥህን ክፈት» አልኩት።

ደስታዬ ግን እስከ ማታ ነው የቆየው። አልጋ ላይ ሆኜ ሳወጣ ሳወርደው ነገሩ ተገለጠልኝ። ለዚህ ሰው ቤቱን ብሸጥለት ነቅሎ ይሄዳል። ቤቱ ከተነቀለ የሚቀረው ባዶ መሬት ነው። ባዶ መሬት ደግሞ አይሸጥም፤ አንቀጽ 40! እንግዲህ ያቺ ወደ ጎረቤት ያዘነበለች፣ ጋዜጣ የደገፋት፣ ልጄ ዜሮ የጻፈባት ጎጆ ባትኖር ሌላው መስመር ላይ የተደረደረው ሚሊዮን በሙሉ ለውልና ማስረጃ የማይቀርብ ወሬ ነው። ቆማ ስላለች ነው የሚሸጡት። ጠዋት ይኼን በዝርዝር ጽፌ ላክሁ፤ አንቀጹንም አዋጁንም ጠቅሼ። ትልቁ ለረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» ሲል ቆየና «ልክ ነህ አባዬ፣ ግን ዋጋው ያው ነው» አለ። ልጅቱ ይልቅ ደስ አላት፤ «አየህ? ስለዚህ ቤቱ ይታደስ» አለች። ትንሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ላከ፤ «አባዬ፣ የበሩን ማጠፊያ ለእኔ አስቀምጥልኝ» ይላል።

ሰኞ ቀለም ቀቢው ይመለሳል ተብያለሁ። የሚቀባው ሳሎኑን ብቻ ነው፤ ጋዜጣው ያለበት ግድግዳ ይቆያል፤ የሠርጋችን ፎቶግራፍም እንደተሰቀለ ነው። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ከእኔ ባትሰሙም ከጎረቤታችን ትሰማላችሁ። ከሰኞ በፊት መግዛት የሚፈልግ ካለ በደላላ አይምጣብኝ፣ ሁለት በመቶውን ተካፍለን እንበላዋለን። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጅ ላይ እገኛለሁ። ገብቶ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ዋጋ ይቀነስለታል፤ በእርምጃ እየለካ የሚገባ ግን ቡና አይቀርብለትም፣ ዋጋውም ይጨመርበታል። ስለ ጌሾው የሚነጋገረው ከባለቤቴ ጋር ነው።